ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፦ በራሳቸው ለሚሠሩ ሙዚቀኞቻችን እንዴት አስተያየት እንስጥ?

‹‹ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው›› ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉን ልብ ብሎ ላጤነው ሸክሙን ሁሉ የሚጥለው በተመካሪው ላይ ነው። ምክሩ ምን ዓይነት እንደ ነበረ፣ መካሪው ነገሩን ጊዜ ወስዶ መርምሮ እንደ ሆነ፣ የተናገረውም ቃል በሥራ ላይ ሊውል የሚችል መሆን አለመሆኑን አይጠይቅም። በውጭ አገር የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስለ ፖለቲካ ስንጽፍ ይህን ጠባያችንን ደጋግመን አንስተናል። በሙዚቃ ረገድ ግን ብዙም ሲነገርበት አላየሁም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያለ አሳታሚና ያለ ባንድ፣ በራሳቸው ገንዘብና በራሳቸው ኮምፒዩተር ዘፈን ለሚሠሩ ወጣቶቻችን የሚጠቅም አስተያየት እንዴት እንደሚሰጥ ባጭሩ ማስረዳት ነው።

ሌላም አባባል አለን፤ ‹‹ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው››። አብዛኛውን ጊዜ የምንጠቅሰው ስለ ሐሜት ነው፤ ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን የሚሰማው ከሁሉ በኋላ ነው ለማለት። ለሙዚቀኛ ግን ነገሩ ቃል በቃል እውነት ነው። አንዲት ዘፋኝ ዘፈኗን ሁለት መቶ ጊዜ ካዳመጠችው በኋላ ግጥሙን በቃሏ ስለምታውቀው፣ ቃሉ በሙዚቃው ተውጦ ቢጠፋ እንኳ የሰማችው ይመስላታል። አንጎሏ የጎደለውን ይሞላላታል። ስለዚህ የሌላ ሰው ጆሮ ያስፈልጋታል ማለት ችሎታ ይጎድላታል ማለት አይደለም፤ የመስማት ተፈጥሮ እንዲህ ስለ ሆነ ነው።

እኔ ሙዚቀኛ አይደለሁም፤ መሐንዲስ ነኝ። ሁለተኛ ዲግሪዬን የሠራሁት በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ሲሆን ትኩረቴም የድምፅና የምልክት ስሌት ነበር። የምኖረው ሎስ አንጀለስ፣ ሚድ ሲቲ በሚባለው ሰፈር፣ ከፌርፋክስ ጎዳና የእግር መንገድ ርቀት ላይ ነው። ሰፈሩ የሐበሻ ሰፈር በመሆኑና ሥራዬም በመታወቁ ወጣቶች ዘፈናቸውን በስልክ ይልኩልኛል፤ ‹‹ጋሼ፣ እስቲ ስማውና እውነቱን ንገረኝ›› ይላሉ። ከዚህ በታች የምጽፈው ከዚህ ልምድ ያገኘሁትን ነው።

ቀድሞ ማን ይሰማ ነበር?

ዛሬ የምናወድሳቸው የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ ዘፈኖች (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የተሠሩት በአንድ ሰው አልነበረም። ግጥም የአንዱ፣ ዜማ የሌላው፣ ቅንብር የሦስተኛው ነበር። የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ ሠራዊትና የሀገር ፍቅር ቴአትር የሙዚቃ ክፍሎች አንድ ዘፈን ሕዝብ ዘንድ ከመድረሱ በፊት በብዙ ጆሮ ውስጥ እንዲያልፍ ያደርጉ ነበር። አምኃ እሸቴ በ1969 ‹‹አምኃ ሪከርድስ››ን ሲያቋቁም፣ በኋላም ካይፋ ሪከርድስ ሲከተል፣ ባንዱ በሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ ሆኖ በጥቂት ማይክሮፎን ይቀረጽ ነበር። አንዱ ቢሳሳት ሁሉም እንደገና ይጫወታል። ይህ ራሱ አስተያየት መስጫ ነው። ሳክስፎን ነፊው ፊቱን ካጨማደደ ዘፋኙ መልእክቱ ይገባዋል።

ከዚያ በኋላ የካሴት ዘመን መጣ። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊው የምሽት ክበቦችን አዳከመ፤ ብዙ ሙዚቀኞች ተሰደዱ፤ የባንዱን ቦታ ቀስ በቀስ ኪቦርድ ያዘው። ሆኖም አሳታሚው የካሴት ቤት ባለቤት ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ያዳምጥ ነበር። ስለ ጥበብ ሳይሆን ስለ ገበያ ቢያስብም ጆሮ ነበረው። በእርግጥ ከነዚህ ማጣሪያዎች መካከል ማንም የማይናፍቀው አንድ አለ፤ እሱም የመንግሥት ሳንሱር ነው። ስለዚህ የድሮው ሥርዓት ይመለስ እያልሁ አይደለም። የምለው ማጣሪያው ሲወድቅ ጆሮውም አብሮ መሄዱን ነው።

እዚህ በእኛ ሰፈር ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። ከኦሊምፒክ ጎዳና ወደ ፒኮ ሲወረድ ያለው የፌርፋክስ ክፍል በ2002 በከተማው ምክር ቤት ‹‹ሊትል ኢትዮጵያ›› ተብሎ ሲሰየም፣ በርበሬና እንጀራ በሚሸጥባቸው ሱቆች ካሴትና ሲዲም ይሸጥ ነበር። ዛሬ ዘፈን የሚሸጥበት መደርደሪያ የለም። ወጣቱ መኝታ ቤቱ ውስጥ ቀርጾ ሌሊት ይለቀዋል፤ ጠዋት ዓለም ይሰማዋል፤ ወይም ማንም አይሰማውም።

ነጻነቱ ራሱ መልካም ነገር ነው። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ካናዳ ውስጥ የተወለደው ዘ ዊክንድ በ2011 የመጀመሪያ ሥራውን በኢንተርኔት በነጻ በትኖ ነው የጀመረው። እዚሁ ከተማችን የኤርትራዊ ልጅ የነበረው ኒፕሲ ሀስል በ2013 አንድ ሺህ ሲዲ እያንዳንዱን በ100 ዶላር ሸጦ ያለ ትልቅ ኩባንያ መኖር እንደሚቻል አሳይቷል። ነገር ግን ልብ እንበል፤ ዘ ዊክንድ ብቻውን አልነበረም። ከጀርባው የሰለጠነ ጆሮ ያላቸው አዘጋጆች ነበሩ። ያለ ኩባንያ መሥራትና ያለ አድማጭ መሥራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከእኛ ልጆች ብዙዎቹ ያሉት በሁለተኛው ላይ ነው።

ሂስ፣ ግምገማ፣ እርማት

ለመሆኑ እኛ አድማጮቹ ምን እንላቸዋለን? በአደባባይ ‹‹በርቺ፣ በጣም ቆንጆ ነው››፤ ዞር ሲሉ ደግሞ ‹‹ምን ዘፈን ነው ይሄ?›› መካከል ላይ የሚባል ነገር የለም። የሁለቱም ችግር አንድ ነው፤ ሙዚቀኛዋ ነገ ጠዋት ኮምፒዩተሯን ከፍታ የምትነካው ነገር አይሰጧትም።

ለዚህ አንዱ ምክንያት፣ በእኔ ግምት፣ ቃሎቻችን ናቸው። ከተማሪዎች ንቅናቄ ዘመን የወረስነው ‹‹ሂስና ግለ ሂስ›› ሰውን በጓዶቹ ፊት የሚያቆም ነበር። ከ1991 በኋላ የነገሠው ‹‹ግምገማ››ም ቢሆን ሥራውን ሳይሆን ሠራተኛውን የሚገመግም ሆነብን። እኔ በምሠራበት ሙያ ግምገማ ማለት ሌላ ነው፤ ንድፉ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ ሁላችንም ወደ ንድፉ እንጂ ወደ ነዳፊው አንመለከትም። እኛ ግን ቃሉን ስንሰማ ስብሰባና ክስ ትዝ ይለናል። ስለዚህ ጨዋ ሰው ዝም ማለትን ይመርጣል፤ ዝም ያላለው ደግሞ ይከሳል።

ከዚህ የቆየ የራሳችን ትምህርት ግን አለን። በቅኔ ቤት ተማሪው ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ ቅኔውን ቆጥሮ መምህሩ ፊት ይናገራል፤ መምህሩም ያርመዋል። እርማቱ ‹‹አንተ አትረባም›› አይደለም፤ ይህ ቃል ቤት አይመታም፣ ይህ ሰም ከወርቁ ጋር አይገጥምም የሚል ነው። ተማሪው በማግሥቱ ሌላ ይዞ ይመጣል። በአዝማሪ ቤትም ‹‹ተቀበል!›› ብሎ ስንኝ የሚወረውረው ታዳሚ ሥራው ውስጥ ገብቶ ያግዛል እንጂ ከሩቅ ሆኖ አይፈርድም። እንግዲህ ‹‹ሂስ›› የሚለውን ትተን ‹‹እርማት›› ወደሚለው ብንመለስ አዲስ ነገር መፍጠራችን አይደለም።

ከማዳመጥ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ

የመጀመሪያው ጥያቄ ‹‹ሥራው የት ደርሷል?›› የሚል ነው። ቤት ሲሠራ መስኮት ለማዛወር በንድፍ ላይ ላጲስ ይበቃል፤ ግድግዳው ከቆመ በኋላ መዶሻ ይጠይቃል። ዘፈንም እንዲሁ ነው። ገና በክራር ወይም በጊታር የተንጎራጎረ ረቂቅ ከሆነ ስለ ግጥምና ዜማ መናገር ይቻላል። ድምፁ ተቀርጾ ማደባለቅ ላይ ከሆነ ስለ ሚዛኑ እንናገር። ማስተሪንግ አልቆ ነገ የሚለቀቅ ከሆነ ደግሞ መናገር ያለብን ግልጽ ስሕተት ካለ ብቻ ነው፤ ‹‹ዜማው በሌላ ቅኝት ቢሆን›› የሚለው አስተያየት በዚያ ሰዓት ከጭካኔ አይተናነስም።

ሁለተኛው ጥያቄ ‹‹ምን ለማድረግ አስበሽ ነው?›› የሚል ነው። ስሕተትንና ጣዕምን የሚለየው ይህ ጥያቄ ነው። ኃይሉ መርጊያን እንውሰድ። የዋልያስ ባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች በ1985 ዋሽንግተን አካባቢ ሆኖ አኮርዲዮኑን ከኤሌክትሮኒክ ኪቦርዶች ጋር እያዋሃደ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ። ይህን ሥራ ‹‹ባንዱ የት አለ?›› እያለ የሚያዳምጥ ሰው ነገሩን ይስተዋል፤ የሥራው ሐሳብ የቀድሞውን የአኮርዲዮን ድምፅ በአዲስ መሣሪያ መካከል መመለስ ነበርና። ካሴቱ በ2013 በአንድ አሜሪካዊ አሳታሚ እንደገና ሲወጣ፣ በታክሲ ሹፌርነት ይተዳደር የነበረው ኃይሉ ወደ ዓለም መድረኮች ተመለሰ። የባንድ አለመኖር በዚያ ሥራ ላይ ጉድለት አልነበረም፤ መንገዱ ነበር።

አራት ሣጥኖች

ካዳመጥን በኋላ የሰማነውን ለመደርደር በካሴት ሽፋን ላይ ስናነብ ያደግነው ክፍፍል ይበቃናል፤ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር። አራተኛ ‹‹ቀረጻ›› እንጨምርበት። ‹‹አልጣመኝም›› ያለ ሰው ከአራቱ የትኛው እንዳልጣመው ራሱን ቢጠይቅ ግማሹን መንገድ ሄዷል።

በግጥም ረገድ አማርኛ የራሱ ጣጣ አለው፤ መጥበቅና መላላት። ‹‹ይሰማል›› ሲላላ ያዳምጣል ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ደግሞ ይደመጣል። ‹‹ገና›› ሲላላ ጊዜው አልደረሰም፣ ሲጠብቅ በዓል ነው። ፊደላችን ልዩነቱን አያሳይም፤ ዜማው ግን ሊያጠፋው ይችላል። የሚጠብቀው ፊደል የሚያርፍበት ጊዜ ካልተሰጠው ቃሉ ይለወጣል። በኮምፒዩተር ድምፅን እየቆረጡ ከምት ጋር ሲያስተካክሉም ያቺ ትንሽ ዝምታ አብራ ትቆረጣለች።

እዚህ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። እዚሁ የተወለደች፣ ዕድሜዋ ከሃያ ብዙም ያልዘለለ አንዲት ልጅ የመጀመሪያ የአማርኛ ዘፈኗን በአንድ የቤተሰብ ግብዣ ላይ አሰማች። አንድ እንግዳ ‹‹አማርኛዋ ተሰባብሯል›› አለ፤ ቤቱም ሳቀ። ከዚያ ቀጥሎ የጻፈቻቸው ሁለት ዘፈኖች በእንግሊዝኛ ነበሩ። ኋላ ዘፈኑን ልካልኝ ስሰማው የተሰባበረ አማርኛ አላገኘሁም፤ በሁለተኛው አንቀጽ ውስጥ መጥበቅ ሲገባቸው የላሉ ሦስት ቃላት ብቻ ነበሩ። ደቂቃና ሰከንዳቸውን ጽፌ፣ የጠበቀውንና የላላውን በራሴ ድምፅ አንብቤ ላክሁላት። ‹‹ጋሼ፣ ይሄ ብቻ ነው እንዴ?›› ብላ መለሰችልኝ። በአንድ ምሽት አስተካከለችው። ‹‹ተሰባብሯል›› የሚለው ቃልና ‹‹በ1 ደቂቃ ከ14 ሰከንድ ላይ ያለው ቃል ይጥበቅ›› የሚለው ስለ አንድ ጉድለት የተነገሩ ናቸው። የመጀመሪያው ልጅቱን ከቋንቋው አስወጣት፤ ሁለተኛው መለሳት። ጉዳዩ ከሙዚቃ ያለፈ ነው የምለው ለዚህ ነው።

በዜማ ረገድ ቅኝት አለ። ትዝታ በሜጀር መልኩ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። አምባሰል ደግሞ ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ዝቅ ያለ ላ ነው። አውቶቲዩን የሚባለው ፕሮግራም በ1997 ሲወጣ የፈጠረው አንዲ ሂልደብራንድ ቀድሞ ለነዳጅ ፍለጋ የመሬት ውስጥ ሞገድ ይተነትን የነበረ ሰው ነው። ፕሮግራሙ የድምፁን ድግግሞሽ ለክቶ በተነገረው ስኬል ውስጥ ወደሚቀርበው ኖታ ይጎትተዋል። አምባሰል የምትዘፍን ልጅ ፕሮግራሙን በተለመደው ሜጀር ስኬል ላይ ከተወችው ያችን ዝቅ ያለች ሬ አያውቃትም፤ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይገፋታል። ትክክለኛዎቹ ኖታዎች ቢመረጡለት እንኳ ጉተታው ፈጣን ከሆነ የጉሮሮ ሽርሽሩን ይላጨዋል። ስለዚህ ‹‹ለዛ የለውም›› ከማለት ‹‹ፕሮግራሙ በየትኛው ስኬል ላይ ነው? ፍጥነቱን ቀነስ ብታደርጊውስ?›› ማለት ይሻላል።

በቅንብር ረገድ ደጋግሜ የምሰማው ችግር ምት ነው። ጭክችካ በስድስት ስምንተኛ የሚሄድ፣ ትከሻን የሚያንቀሳቅስ ምት ነው። ኮምፒዩተሩ ሲከፈት ግን የሚጠብቀው አራት አራተኛ ነው፤ ሁሉንም ምት በእኩል ሰንጠረዥ ላይ ካሰለፈው ጭፈራው ይደርቃል። ሌላው የቦታ ሽሚያ ነው። መሲንቆ የሚጫወትበት የድምፅ ክልል ከሰው ድምፅ ጋር ቅርብ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ በአንድ ከፍታ ሲሰሙ አንዱ ሌላውን ይጋርዳል። መድኃኒቱ መሲንቆውን ማጥፋት አይደለም። አዝማሪው ራሱ ስንኙን ሲናገር መሲንቆውን ዝቅ ያደርጋል፣ ስንኙ ሲያልቅ ይመልስለታል። ቅንብሩም እንደሱ ያድርግ።

በቀረጻ ረገድ ሁለት ነገሮች ብቻ ላንሳ። አንደኛው ክፍሉ ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወፍራም ጋቢ ቀጭኑን ነጸብራቅ ይቀንሳል፤ የባሱን ጉርምርምታ ግን አይነካውም። በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚርገበገብ የባስ ድምፅ ሞገዱ ወደ 7 ሜትር ይጠጋል፤ ጋቢ አያቆመውም። በዚያ ክፍል ውስጥ ‹‹ባሱ በቂ ነው›› ያለ ሰው መኪና ውስጥ ሲሰማው ይደነግጣል። ሁለተኛው ጩኸት ነው። ብዙ ወጣቶች ዘፈናቸው ከሌላው እንዳያንስ እስኪደፈጠጥ ድረስ ያስጮኹታል። ነገር ግን በ2006 ዓለም አቀፍ የድምፅ ጉልበት መለኪያ ደንብ ከወጣ በኋላ ማሰራጫዎቹ ሁሉንም ዘፈን ወደ አንድ ደረጃ ማምጣት ለምደዋል፤ ስፖቲፋይ የሚጠቀመው ከዜሮ በታች 14 የሚባለውን ነው። የጮኸው ይቀነሳል፤ የተደፈጠጠው ግን እንደ ተደፈጠጠ ይቀራል። ስታነጻጽሩም ሁለቱን ዘፈኖች በእኩል ጉልበት አዳምጡ። ፍሌቸርና መንሰን በ1933 እንዳሳዩት ጆሯችን ባሱንና ቀጭኑን ድምፅ የሚሰማው ከጉልበቱ ጋር እየለዋወጠ ነውና፣ የጮኸው ሁሉ የተሻለ ይመስለናል።

እንዴት እንንገር?

መሐንዲስ ብልሽት ሲያመለክት የት ቦታ፣ ምን አየሁ፣ ምን ጠበቅሁ ብሎ ይጽፋል። ለዘፈንም ይኸው ይበቃል። ‹‹በ2 ደቂቃ ላይ ዋሽንቱ ሲገባ ቃሉ ጠፋብኝ፤ ቃሉ እንዲሰማ ነው የፈለግሽው?›› ይህ አስተያየት ቦታ አለው፣ ምልከታ አለው፣ ጥያቄ አለው፤ ብያኔ የለውም። ውሳኔው የባለቤቷ ነው። ‹‹አይ፣ እንዲጠፋ ነው የፈለግሁት›› ካለችም መብቷ ነው።

ሦስት ጊዜ አዳምጡ፤ አንድ ጊዜ ሳታቋርጡ፣ አንድ ጊዜ ግጥሙን ይዛችሁ፣ አንድ ጊዜ በስልክ ወይም በመኪና። ከዚያ ከሦስት ነጥብ አትለፉ። አሥር ነጥብ የተነገረው ሰው አንዱንም አይሠራም። የሠራላችሁንም ነገር በዚያው ትክክለኛነት ንገሩ፤ ‹‹ቆንጆ ነው›› ሳይሆን ‹‹አዝማቹ ሁለተኛ ሲመለስ ከበሮው መዘግየቱ ያዝ አደረገኝ››። ይህ ማባበያ አይደለም፤ የትኛውን እንዳትነካው ካልተነገራት ጥሩውን ልታፈርሰው ትችላለችና ነው። ለብቻዋም ንገሯት። ሰው በተሰበሰበበት የሚሰጥ እርማት ወዲያው ወደ ግምገማ ይለወጣል።

ሙዚቀኞችም ድርሻ አላችሁ። ‹‹እንዴት ነው?›› ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ ‹‹ጥሩ ነው›› ብቻ ነው። ‹‹የሁለተኛው አንቀጽ ቃል በግልጽ ይሰማሃል?›› ብሎ ለሚጠይቅ ግን መልሱ ሥራ ላይ ይውላል። ከሦስት ሰዎች አንድ ዓይነት ቦታ ከተጠቆመ፣ የሦስቱም መድኃኒት የተለያየ ቢሆንም፣ ቦታው በእርግጥ ችግር አለበት። አድማጭ ሕመሙን እንጂ መድኃኒቱን የማወቅ ግዴታ የለበትም።

በእንቁጣጣሽ ሰሞን ፌርፋክስ ላይ በሚደረገው በዓል መድረክ የሚወጡትን ልጆች ስናጨበጭብላቸው ደስ ይለናል፤ ጭብጨባው ይቀጥል። ግን አንዱን ልጅ ከመድረክ ጀርባ ጠብቀን ‹‹ሦስተኛውን ዘፈን ላክልኝና ቁጭ ብዬ ልስማው›› ብንለው፣ ከጭብጨባውም ከሽልማቱም የበለጠ ሰጠነው ማለት ነው። በአማርኛ ለመዝፈን የሚደፍር፣ እዚህ የተወለደ ልጅ በየዓመቱ በብዛት አይመጣልንም። የመጣው ከእኛ ቸልታ ወይም ከእኛ ሳቅ የተነሳ እንዳይመለስ የማድረግ ኃላፊነት የእኛ የአድማጮቹ ነው።

ከዚህ የተሻለ ሐሳብ ያለው፣ በተለይም በሙያው ውስጥ ያለ፣ ጽፎ ቢያርመኝ ደስ ይለኛል።

ቸር ያሰማን።